ጥርስ የሚጠርሰው በከንቱ አይደለም

አማርኛ ለአንድ ስሜት ለብቻው ቃል ካወጣለት፣ ያ ስሜት አገሬው ደጋግሞ ያየው ነገር ነው። ሎሚ የመጠጠ ልጅ ፊቱን አጨማዶ "ጥርሴ ጠረሰ" ይላል። ምን ማለቱ እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ሰሚው ራሱ ምራቁን ይውጣል። ነቢዩ ኤርምያስም ሕዝቅኤልም ጎምዛዛ ወይን ስለበሉ አባቶችና ስለጠረሱ የልጆች ጥርሶች የሚናገር የቆየ ምሳሌ ያነሣሉ።

ቃሉ አለ ማለት ነው። የጠፋው ቃሉ የሚናገረውን ማስጠንቀቂያ የመስማት ልማድ ነው። ዛሬ ስለ ጥርስ ሲወራ የሚወራው ስለ ስኳር ብቻ ነው። "ከረሜላ አትብላ፣ ጥርስህ ይበላል" ያልተባለ ልጅ የለም። "ጎምዛዛ አታዘውትር፣ ጥርስህ ያልቃል" የተባለ ግን ስንት ነው?

እንዲህ ያለች ወጣት በየቢሮው አለች። ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም፤ ለጤናዋ ትጠነቀቃለች። ስኳር ትታለች። ጠዋት በባዶ ሆዷ ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውሃ ትጠጣለች፤ ቦርጭ ያጠፋል ተብላ ነው። እየተኳኳለች በትንሽ በትንሹ ትጎነጨዋለች። እንደጨረሰች ጥርሷን አጥብቃ ትቦርሻለች። ምሳ ላይ ለስላሳ ካማራት "ዜሮ" የሚል የተጻፈበትን ትመርጣለች። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ጥርስ ያነጣል ሲባል ቲክቶክ ላይ ያየችውን ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ለውሳ ጥርሷን ታሽበታለች።

ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ አላስቀርብ ይላታል። የፊት ጥርሶቿ ጫፍ ሳስቶ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። በነጣ የምትጠብቀው ጥርስ ቢጫ እየሆነ ይሄዳል። ሐኪም ዘንድ ሄዳ አፏን ስትከፍት አንድም የተቦረቦረ ጥርስ አይገኝባትም። "ታዲያ ምን አጠፋሁ?" ትላለች።

ምንም አላጠፋችም፤ የተነገራትን ሁሉ አድርጋለች። ችግሩ የተነገራት ግማሹ ብቻ መሆኑ ነው። በአሲድ የሚሸረሸር ጥርስ ነገር አስገራሚነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ግድየለሹን ብቻ ሳይሆን ጠንቃቃውንም ይይዛል። እንዲያውም ጠንቃቃው ሰው በጥንቃቄው መጠን ሊጎዳ ይችላል፤ ምክንያቱም ጥርሱን የሚጨርሱት ነገሮች የጤና ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት።

ነገሩን ለመረዳት ሁለት ጠላቶችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሁሉም የሚያውቀው ነው። አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳር ሲያገኙ ይመገቡታል፤ ከተመገቡት አሲድ ያወጣሉ፤ ያ አሲድ በተጣበቁበት ቦታ ጥርሱን እየቦረቦረ ይገባል። ጥርስ ተበላ፣ ተቦረቦረ፣ ትል ገባው የሚባለው ይህ ነው። ትል የሚባል ነገር ባይኖርም ቀዳዳው እውነት ነው።

ሁለተኛው ባክቴሪያ አያስፈልገውም፤ ስኳርም አያስፈልገውም። አሲዱ ራሱ ተዘጋጅቶ በመጠጥ፣ በፍራፍሬ ወይም ከጨጓራ ሽቅብ ይመጣል። አንድ ቦታ መርጦ አይቦረቡርም፤ የደረሰበትን የጥርስ ገጽ ሁሉ ስስ በስስ ያጥባል። ቀዳዳ የለ፣ ጥቁር ነጥብ የለ፣ መጀመሪያ ላይ ሕመም የለ። ጎርፍ የማሳን አፈር በየዓመቱ ጠርጎ እንደሚወስደው ነው፤ ገበሬው የሚነቃው ድንጋዩ ሲወጣ ነው።

የጥርስ የላይኛው ልባስ፣ ኢናሜል የሚባለው፣ በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ነው። አጥንት አይወዳደረውም። ከክብደቱ 96 በመቶ ገደማው ማዕድን ነው። ይህ ጥንካሬው ግን ዋጋ አስከፍሎታል፤ በውስጡ ሕይወት ያለው ሴል የለም። የተሰበረ አጥንት ይገጥማል፤ የተቆረጠ ጥፍር ያድጋል፤ የቆሰለ ቆዳ ይሽራል። ተጠርጎ የሄደ ኢናሜል ግን አይመለስም። ሰው ለዕድሜ ልኩ የሚሰጠው አንድ ጊዜ ነው።

አሲድ የሚለካው ፒኤች በሚባል መለኪያ ነው። ንጹሕ ውሃ 7 ላይ ይቀመጣል። ቁጥሩ በወረደ መጠን ጎምዛዛነቱ ይጨምራል፤ አንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲዱ 10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ኢናሜል መሟሟት የሚጀምረው ፒኤች ወደ 5.5 ገደማ ሲወርድ ነው። ኮካ 2.5 አካባቢ ነው። የሎሚ ጭማቂ ከ2 እስከ 2.5 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከ5.5 እስከ 2.5 ሦስት እርምጃ ነው፤ ይኸውም 1000 እጥፍ። የጨጓራ አሲድ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ እስከ 1 እና 2 ይደርሳል።

አሁን "ዜሮ" የሚለው ጽሑፍ እውነቱ ይገለጣል። ዜሮ የሆነው ስኳሩ ነው፤ አሲዱ እንዳለ ነው። የኮላ መጠጥ ፎስፎሪክ አሲድ አለው፤ የብርቱካንና የሎሚ ጣዕም ያላቸው ለስላሳዎች ሲትሪክ አሲድ አላቸው፤ ስኳሩ ወጣ ማለት እነዚህ ወጡ ማለት አይደለም። ለስኳር በሽተኛ ያ ጽሑፍ ትልቅ ነገር ነው። ከመቦርቦር አንጻርም ይሻላል። ለጥርስ ልባስ ግን ሰላም ማለት አይደለም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ውሸት አይደለም፤ ሰው ያላለውን አነበበበት እንጂ።

"እንጀራስ? እሱም ኮምጣጣ ነው" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም አሲድ በቁጥር ብቻ እንደማይጎዳ ያስተምራል። እርጎን መውሰድ ይቻላል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ነው፤ ሆኖም በካልሲየምና በፎስፌት የተሞላ ስለሆነ ከጥርስ ላይ ማዕድን የሚነጥቅበት ምክንያት የለውም። ምግብ ደግሞ ይታኘካል፤ ሲታኘክ ምራቅ ይጎርፋል፤ ምራቅ አሲዱን ያረግበዋል፣ ያጥበዋል፣ የለሰለሰውን ልባስም በማዕድን መልሶ ያጠነክራል። ማዕድ ላይ ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ እጅ ታጥቦ የሚያልቅ ነገርና ቀኑን ሙሉ ከአፍ የማይለይ ነገር አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ "ምን ያህል ጠጣህ?" ሳይሆን "ስንት ጊዜ ጎነጨህ?" የሚለው ነው። አንድ ሰው ከምሳው ጋር አንድ ጠርሙስ ለስላሳ በአሥር ደቂቃ ይጠጣል፤ ምራቁ ቀሪውን ሥራ ይሠራል። ሌላው ያንኑ ያህል መጠጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ከጠዋት እስከ ቀትር በየሩብ ሰዓቱ ይጎነጫል። ሁለተኛው የጠጣው ያው ነው፤ ጥርሱ ግን ግማሽ ቀን አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ ዋለ። ምራቅ ባረገበው ቁጥር አዲስ ጎንጨት ይጨመርበታል።

ለረጅም ሰዓት መሪ ይዘው የሚውሉ ሹፌሮች ይህን ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ ከፍሬን አጠገብ የምትቀመጥ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ አለች። ዋሽንግተን አካባቢ ሌሊት ታክሲ የሚነዳው፣ ፓርኪንግ የሚጠብቀው ሐበሻ ደግሞ እንቅልፍ እንዳይጥለው የኃይል ሰጪ መጠጥ ጣሳ ያስቀምጣል። እሱም ከአሲድ አይጸዳም። ለእንቅልፍ የተጎነጨው ሁሉ ለጥርስ ይቆጠራል።

ጫት የሚቅምም ሌላ ጥምር ጉዳት አለበት። ጫት አፍ ያደርቃል። ምራቅ ሲጎድል የጥርስ ጠባቂ ጎደለ ማለት ነው። ጠባቂው በሌለበት ሰዓት ለስላሳው ይቀርባል። ጾመኛም ቢሆን ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ መግሪብ የቆየ አፍ ደረቅ ነው። በዚያ ደረቅ አፍ ላይ የመጀመሪያው የሚወርድ ነገር ሎሚ ጭማቂ ወይም ቀዝቃዛ ኮካ ከሚሆን ውሃ ቢሆን፣ ጾሙ አይጎድልበትም፤ ጥርሱ ይተርፍለታል።

ስለ ሎሚ ውሃ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ተከራካሪው ብዙ ነው።

"አባቶቻችን ሎሚ ሲበሉ ኖሩ፤ ጥርሳቸውም እንደ በረዶ ነበር" ይባላል። አባቶች ሎሚን ሰላጣ ላይ ጨመቁት፣ ዓሣ ላይ አፈሰሱት፣ ጉንፋን ሲይዛቸው ከሻይ ጋር ጠጡት። በየቀኑ ጠዋት በባዶ አፍ፣ ለወራትና ለዓመታት፣ በዝግታ እየተጎነጨ የሚጠጣ ሎሚ የእነሱ ልማድ አልነበረም። ለስላሳም ቢሆን ለበዓልና ለእንግዳ የሚከፈት ነገር ነበር። የተለወጠው ሎሚው አይደለም፤ አጠቃቀሙ ነው።

"ቫይታሚን ሲ ነው" የሚለውም እውነት ነው። ግን ቫይታሚን ሲ ከብርቱካን፣ ከዘይቱና፣ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከጎመንም ይገኛል፤ ከምግብ ጋር ተበልቶ። ሎሚ ራሱ ስብ አያቀልጥም። ጠዋት የሎሚ ውሃ የጠጣ ሰው ቢቀንስ፣ የቀነሰው በስኳር ሻይ ፈንታ ውሃ ስለጠጣና የሚበላውን ስለመጠነ ነው። ያንኑ ውሃ ያለ ሎሚ ቢጠጣው ሆዱም ጥርሱም ይተርፋል። እንደ ከረሜላ የሚመጠጡና የሚታኘኩ የቫይታሚን ሲ እንክብሎችም አዘውትሮ ለሚወስዳቸው ያው ጣጣ አላቸው፤ በውሃ የሚዋጠው ይሻላል።

ሎሚን በቤኪንግ ሶዳ፣ በጨው ወይም በከሰል ለውሶ ጥርስ ማሸት ግን ክርክርም አይገባውም። አሲዱ ልባሱን ያለሰልሳል፤ ሻካራው ይፍቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጥርስ የነጣ ይመስላል፤ የላይኛው ቆሻሻ ከልባሱ ጋር አብሮ ስለተላጠ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቢጫ ቆሻሻ አይደለም። ከኢናሜል በታች ያለው ዴንቲን የሚባለው የጥርስ ክፍል በተፈጥሮው ቢጫ ነው፤ ልባሱ ሲሳሳ እሱ ያሳያል። ሰውየው ቢጫውን ባየ ቁጥር አብዝቶ ያሻል፤ ባሸ ቁጥር ቢጫው ይጨምራል።

በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂን በመሰሉ አካባቢዎች የውሃው ፍሎራይድ ከልክ በላይ በመሆኑ ጥርሳቸው ቡኒ ሆኖ ያደጉ ብዙ ሰዎች አሉ። እነሱ ደግሞ ለዚህ ምክር ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ ቀለሙ አሳፍሯቸው ማንኛውንም ነገር ይሞክራሉና። ያ ቀለም ግን ጥርሱ ሲሠራ ከልባሱ ጋር አብሮ የገባ ነው። በሎሚ አይለቅም። በሎሚ የሚለቀው ልባሱ ነው።

ከመጠጥ ሌላ ሰው የማያወራው ምንጭ አለ፤ ከሆድ የሚመጣው።

"ጨጓራ አለብኝ" የማይል ሰው በአገሩ ጥቂት ነው። ቃር፣ ምግብ ሽቅብ ማለት፣ ጠዋት አፍ መጎምዘዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። ተልባ ይጠጣል፣ ወተት ይጠጣል፣ ይታለፋል። ጨጓራና ጥርስ ግን በአንድ ቧንቧ የተገናኙ ጎረቤቶች ናቸው። ሌሊት ተኝቶ አሲድ ሽቅብ የሚመለስበት ሰው በዚያ ሰዓት ምራቁም ይቀንሳል፤ ጥርሱ ያለ ጠባቂ ያድራል። አንዳንዱ ቃሩ እንኳ ሳይሰማው አሲዱ ይመለስበታል። የዚህ ምልክቱ በአብዛኛው የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ምላስ የሚነካው ገጽ ነው። ከፊት መስታወት ቢያዩ ጥርሱ ደህና ይመስላል፤ ከኋላው ግን ተልጦ ሳስቷል።

በእርግዝናዋ ወራት ደጋግሞ የሚያስመልሳት እናት አለች። መጠጥ ያበዛ ጎልማሳ አለ። ወፈርኩ ብላ በድብቅ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ የምታስገባ ልጅም አለች፤ ይህ የሚነገር ነገር ስላልሆነ አይነገርም። የእነዚህ ሁሉ ጥርስ የሚናገረው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ጥርስ ሐኪም አንዳንድ ጊዜ እናት ያላወቀችውን ምስጢር በመጀመሪያ የሚያይ ሰው ነው። ካየም አዋቂ ሐኪም አያሳፍርም፤ በእርጋታ ይጠይቃል፤ ወደሚረዳት ሰው ያደርሳታል።

ካስመለሰ በኋላ ደግሞ ሁሉም የሚያደርገው ስህተት አለ፤ አፍ ይሸታል ብሎ ወዲያው ብሩሽ ማንሳት። አሲድ የነካው ልባስ ለጊዜው ለስልሷል። በዚያ ሰዓት የሚያልፍበት ብሩሽ፣ መፋቂያም ቢሆን፣ የለሰለሰውን ይዞ ይሄዳል። ለዚያ ሰዓት የሚበጀው በውሃ መጉመጥመጥ ነው፤ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙቶ ቢሆን ደግሞ አሲዱን ያረግባል። ያው ቤኪንግ ሶዳ ከሎሚ ጋር ሲታሽ የሚጎዳው፣ በውሃ ሲጉመጠመጡበት ይጠቅማል። ግማሽ ምክር አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ወዴት ይሄዳል?

አንደኛ፣ ወደ ምክር ሰጪው። በየቻናሉ "ጠዋት ሎሚ ጠጡ" ብሎ የሚለጥፍ ሰው "ከዚያ በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ወዲያው አትቦርሹ፣ በየቀኑ አታድርጉት" የሚል አንድ መስመር መጨመር አያቅተውም። ያን መስመር ካላወቀ ደግሞ የሚመክረውን አያውቅም ማለት ነው። መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ጉዳቱንም እንዲናገር ይጠበቅበታል። "ተፈጥሯዊ ነው" የሚለው ቃል ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም። እሬትም ተፈጥሯዊ ነው።

ሁለተኛ፣ ወደ ሕክምናው ወንበር። ጥርሱ የሳሳ ሰው ሲመጣ መሰርሰሪያ ከማንሳት በፊት ጥያቄ ማንሳት ይቀድማል። ምን ትጠጣለህ? መቼ? እንዴት? ቃር አለብህ? የምትሠራው ምንድን ነው? ምክንያቱም የባትሪ አሲድ ጭስ ባለበት የሚሠራ ሰው ጥርስም በዚያው መንገድ ይሸረሸራል። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ የጥርስ ተመራማሪዎች ያቀረቡት ቀላል መመዘኛ አለ፤ አፉን ስድስት ቦታ ከፍሎ በየክፍሉ የባሰውን ጥርስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል። መስታወትና ዓይን ከሚያስፈልገው በቀር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ምንጩ ሳይደርቅ የሚሞላ ጥርስ ግን በሚፈርስ ግድግዳ ላይ እንደሚለሰን ጭቃ ነው። ሙሌቱ በአሲድ እንደ ጥርሱ አይታጠብም፤ ዙሪያው ያለው ጥርስ ግን ይታጠባል። አፈሩ ተጠርጎ ድንጋዩ ብቻ እንደቀረበት መንገድ፣ ሙሌቱ ከጥርሱ በላይ ጉብ ብሎ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ወደ ታካሚው። ሐኪም ሲጠይቅ "ለስላሳ አልጠጣም" ብሎ በልቡ "አምቦ በሎሚና ኃይል ሰጪ ግን አይቆጠርም" የሚል አለ። ይቆጠራል። ምንም ያልተጨመረበት ጋዝ ያለው ውሃ ከለስላሳ ጋር ሲተያይ እጅግ ደካማ አሲድ ነው፤ ብዙም አያስጨንቅም። ሎሚ ሲጨመቅበት ነው ነገሩ የሚለወጠው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው ወይም የሀብታም አገር ቅንጦት ብቻ ነው ማለትም አይቻልም። በ2009 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ በተደረገው የአዋቂዎች የጥርስ ጤና ቅኝት፣ ጥርስ ካላቸው አዋቂዎች 77 በመቶው የፊት ጥርሳቸው ላይ የተወሰነ መሸርሸር ታይቶባቸዋል። ሁሉም በአሲድ አይደለም፤ ጥርስ በማፋጨትና በብሩሽም ይሳሳል፤ ሦስቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይሠራሉ። ግን የጥርስ ሳሙናም ሐኪምም ባልጎደለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ብሩሽ መኖሩ ብቻውን መልስ አለመሆኑን ያሳያል።

"በዚህ ሁሉ ችግር መሐል ስለ ጥርስ ልባስ ይወራል?" የሚል ቢኖር መልሱ ከኪሱ ይጀምራል። የተሸረሸረ ጥርስ ሲብስ የሚጠይቀው ሙሌት፣ ሽፋን፣ ሥሩ ከተነካም የሥር ሕክምና ነው፤ አንድ ጥርስ ሳይሆን ብዙ ጥርስ በአንድ ጊዜ። ብዙ ቤተሰብ ያን ወጪ አይችልም፤ ስለዚህ ይነቀላል። መከላከያው ግን አንድ ጉንጭ ውሃ ነው። ወጪው ከፍ ያለ ሕክምናና ዋጋ የሌለው መከላከያ ጎን ለጎን ባሉበት፣ ስለ መከላከያው አለመናገር ነው ቅንጦቱ።

መከላከያው ደግሞ የሚያስቸግር አይደለም። ጎምዛዛ መጠጥ ከተፈለገ ከምግብ ጋር፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ በአንድ ጊዜ ይጠጣ፤ ቀኑን ሙሉ አይጎተት፤ አፍ ውስጥ አይንገዋለል። ስትሮ ካለ ወደ ጉሮሮ ጠጋ ተደርጎ ይያዝ። ከዚያ በውሃ መጉመጥመጥ። ለመቦረሽ ብዙ የጥርስ ሐኪሞች ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መቆየትን ይመክራሉ፤ ጠዋት ከሆነ ደግሞ አስቀድሞ ቦርሾ መጠጣት ይቀላል። መቆየቱ ግን ለመጠጡ ሥርየት አይደለም፤ የታጠበው ታጥቧል። ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፤ እጅም አይክበድ። የጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ ያለው ይሁን፤ ያነጣል የሚለው ሻካራ ሳሙናና የከሰል ዱቄቱ ይቅር። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ ደጋግሞ በውሃ ማጠብ ፍሎራይዱን ያስወጣል። ማታ ከተቦረሸ በኋላ ከውሃ በቀር ምንም። ስኳር የሌለው ማስቲካ ምራቅ ያመጣል። ጾም ካልሆነ ቁራጭ አይብ ወይም ጉንጭ ወተት ከጎምዛዛ በኋላ መልካም ነው። ቃር ያለበት ደግሞ ዘግይቶ በልቶ ወዲያው አይተኛ፤ ሐኪምም ያማክር፤ የጥርሱ መድኃኒት ያለው ጨጓራው ላይ ነውና።

ጉዳቱ የጀመረም ቢሆን ሁሉም አልጠፋም። የለሰለሰ እንጂ ያልተጠረገ ልባስ በምራቅና በፍሎራይድ መልሶ ይጠነክራል። ሐኪም የሚቀባው ፍሎራይድ አለ፤ መጠዝጠዙን የሚያስታግስ ሳሙና አለ። ጥርሱን ፎቶ አንስቶ ከዓመት በኋላ ማስተያየት ይቻላል፤ ካልባሰ መቆሙ ታወቀ። ሲያስፈልግ ደግሞ በጥርስ ቀለም የተሠራ ሙሌት ብዙም ሳይሰረሰር ይለጠፋል። የቅደም ተከተሉ ነገር ግን አይዘለልም፤ መጀመሪያ ምንጩን ማድረቅ፣ ከዚያ መጠገን። የሳሳ ጥርስን በማንጫ ማንጣት ደግሞ ቢጫውን ሳያጠፋ ሕመሙን ይጨምራል።

የነቢያቱ ነገር የቀረ አንድ ነጥብ አለው። ያን ምሳሌ ያነሡት ሊያጸድቁት አልነበረም፤ ሊሽሩት ነው። ከእንግዲህ ልጅ በአባቱ ጥፋት አይጠየቅም፤ እያንዳንዱ የሚከፍለው ለበላው ነው ይላሉ። ለአዋቂ ሰው ትክክለኛ ፍርድ ነው። ሎሚውን የጨመቀ፣ ጠርሙሱን ይዞ የዋለ፣ ጥርሱም የእሱ ነው።

በሕፃን ላይ ግን አሮጌው ምሳሌ ገና አልተሻረም። የወተት ጥርስ ልባሱ ከአዋቂ ጥርስ ይሳሳል። ልደት ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ እንዳያለቅስ ተብሎ ለስላሳ በጡጦ የሚሰጠው ልጅ አለ። ጡጦውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ያንቀላፋል፤ ምራቁም አብሮት ይተኛል። አልመረጠውም፤ አልገዛውም፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውንም አያነብም። ሲጠርስበት እንኳ ቃሉን ገና አልተማረም።

ቃሉን የሚያውቁት ወላጆቹ ናቸው።